የዩኒቨርሲቲ ኪዩብሳትና የምድር ጣቢያ ቅደም ተከተል፦ አጭር ስሌታዊ ዳሰሳ

መግቢያ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ስትሆን መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ በእንጦጦ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያነሣል፦ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በራሳቸው ዐቅም ሳተላይት ለመሥራት ቢነሡ ከምን ይጀምሩ?

ዳራ

እ.ኤ.አ. በ1999 ለተማሪዎች ሥልጠና የተነደፈው የኪዩብሳት መለኪያ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ነው። ዋና ጥቅሙ ወጥነቱ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሣጥን ስለሚጫን ለሌላ ተልእኮ በተዘጋጀ ሮኬት ተደርቦ ይመጥቃል። በመሆኑም ለተራ ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን በአነስተኛ ወጪ በሕዋ ለመፈተን ያስችላል። ከአፍሪካ የደቡብ አፍሪካው ኬፕ ፔኒንሱላ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2013፣ የጋናው ኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ በ2017፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የየራሳቸውን አምጥቀዋል።

የኃይልና የመረጃ ስሌት

በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምትዞር ሳተላይት ምድርን በ92 ደቂቃ ገደማ ትዞራለች፤ ከዚህም እስከ 36 ደቂቃ የሚደርሰውን በጥላ ታሳልፋለች። የፀሐይ ኃይል በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ስለሆነ፣ 0.01 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ፊት በ28 በመቶ ብቃት የሚያመነጨው 3.8 ዋት ብቻ ነው። መረጃውም እንደ ኃይሉ ውስን ነው። ሳተላይቷ ከአንድ ጣቢያ በላይ ስታልፍ 8 ደቂቃ ብትታይና በሰከንድ 9,600 ቢት ብትልክ፣ የሚወርደው 4.6 ሚሊዮን ቢት፣ ማለትም 576 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። ይህ ያለ አንዳች ስሕተት ቢተላለፍ ነው። ስለዚህ ማነቆው በሕዋ ያለው ካሜራ ሳይሆን በምድር ያለው የመቀበያ ጊዜ ነው።

ከምድር መጀመር

ለ437 ሜጋ ኸርዝ የሚያገለግል አንቴና ዘንጎቹ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። የአሉሚኒየም ቱቦውና ኮአክሲያል ገመዱ ከመርካቶ፣ ከራጉኤል እስከ ምናለሽ ተራ ካለው ገበያ ተለቅመው ሊሟሉ ይችላሉ። ተማሪው በዚህ አንቴና የሌሎች አገሮችን ኪዩብሳቶች እየተቀበለ፣ በፍጥነታቸው ምክንያት እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ የሚደርሰውን የሞገድ ለውጥ ማረም ይማራል። ወደ ሳተላይት ለመላክ ግን የሞገድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የጣቢያዎች አቀማመጥ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በተጠቀሰው ከፍታ ሳተላይቷ እስከ 2,200 ኪሎ ሜትር ርቀት ስለምትታይ፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚያዩት ያንኑ አንድ እልፈት ነው። ሁለተኛው ጣቢያ አስተማማኝነትን ይጨምራል፤ ጊዜን ግን እምብዛም አያራዝምም። ጊዜ የሚገኘው እንደ ኬፕ ታውን ካሉ ሩቅ ጣቢያዎች ጋር መረጃ በመለዋወጥ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከታየው ስሌት አንጻር የሚመከረው ቅደም ተከተል በቅድሚያ መቀበያ ጣቢያ፣ ቀጥሎ የጣቢያዎች ትብብር፣ በመጨረሻም ሳተላይት ነው። ጣቢያው ሳይቀድም የመጠቀች ሳተላይት ብትሳካ እንኳ የምትነግረንን የሚሰማ ሰው አይኖራትም።