ጆሮን ከመመርመር በፊት

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ መስማት የተሳነውን ሰው ሲፈውስ፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። ሰውየውን ከግርግሩ አወጣው፤ ጆሮውን የዳሰሰው ከዚያ በኋላ ነው። በጫጫታው መካከልም መፈወስ ይችል ነበር። ገለል ያደረገው ለሰውየው ክብር ሲል እንደሆነ አምናለሁ። አረጋውያንን የምንጠይቅ ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ከዚህ እንጀምር።

አዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መጦሪያ ማዕከላት አሉ፤ በሆሳዕናና በዱራሜ ግን አብዛኞቹ አረጋውያን የሚጦሩት በልጆቻቸው ቤት ነው። ቤቱ መናኸሪያ አጠገብ ከሆነ የረዳቶች ጥሪና የመኪና ጥሩምባ አያባራም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚህ መካከል አባት ተጠርተው ዝም ሲሉ «ጃጅተዋል» ይባላል። ይህ ከባድ በደል ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 19 የ80 ዓመቱ ቤርዜሊ የዘፋኞችን ድምፅ መስማት እንዳቃተው ለዳዊት ሲነግረው ጆሮው ደክሞ ነበር፤ ማስተዋሉ ግን ከመልሱ ይታያል።

እርጅና ቀድሞ የሚነጥቀው ቀጫጭን ድምፆችን ነው። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ይደበዝዛሉ። ስለዚህ አረጋዊው ድምፃችንን ይሰማሉ፣ ቃሉን ግን አይለዩም፤ ጫጫታ ሲጨመርበት ጭራሽ ይጠፋባቸዋል።

በመሣሪያ ሲመረመሩም እንዲሁ ነው። የሚፈለገው ጆሯቸው የሚይዘው እጅግ ደካማ ድምፅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ የሚለው ከ20 ዴሲቤል በታች ያለውን የሚሰማ ጆሮ ሲሆን፣ ተራ ጭውውት ግን ወደ 60 ይጠጋል። በሩ ተከፍቶ ሰው እያወራ፣ ቴሌቪዥን እየጮኸ ከተለካ፣ በተለይ ወፍራሞቹ ድምፆች ይዋጣሉ። ያን ጊዜ የተመዘገበው የክፍሉ ጉድለት እንጂ የጆሮው አይደለም።

ቤት ውስጥም መሞከር ይቻላል። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ፤ ሬዲዮኑን አጥፉ። አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ከኋላቸው ቁሙ፤ አንዱን ጆሮ በጣት ቀስ ብላችሁ እያሻችሁ ሸፍኑ። በሹክሹክታ ሦስት ቁጥሮች ተናገሩና እንዲደግሙ ጠይቁ፤ ከዚያ ሌላውን ጆሮ ሞክሩ። ቁጥሮቹ በሀዲይሳ ወይም በከምባትኛ፣ ባደጉበት ቋንቋ ይሁኑ፤ አማርኛ ካልለመዱ የምትፈትኑት ጆሯቸውን አይሆንም። መድገም ካቃታቸው ወደ ሕክምና ውሰዷቸው፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ኩክ መኖሩን ይይላቸው። ጆሯቸውን በክብሪት እንጨት አትኮርኩሩ።

በጉባኤም ለክብር ብላችሁ ከድምፅ ማጉያው ሥር አታስቀምጧቸው፤ የሰባኪውን ከንፈር የሚያዩበት ቦታ ይሻላቸዋል።