ርብራቡና የንግሥ በዓሉ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ያለው ሕግ ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ የተጻፈ ይመስላል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ሳያበጅ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ይሆናል። ሕጉ የወደቀው ሰው ለምን ወደዚያ እንደወጣ አይጠይቅም። ተጠያቂው ቤቱን የሠራው ነው።

በሰሜን ሸዋ ዞናችን ይህ ቃል የከበደበት ቀን አለ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ሕዝቡ ለእመቤታችን በዓል በተሰበሰበበት ጠዋት ለግንባታ የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ የ36 ምእመናን ሕይወት አለፈ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ምክንያቱን መመርመር የባለሙያና የሕግ ሥራ ነው። እኛ ግን ቀኑን እናስተውል፤ ቀኑ የበዓል እንጂ የሥራ ቀን አልነበረም።

ስለ ግንባታ ደኅንነት ሲነሣ ዐሳባችን ወደ ግንበኛው ይሄዳል። ተገቢ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪውን የሚያስገድደው ለእርሱ ነውና። የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ግን ሥራ ቆሞ ሕዝብ የሚገባበት ቀን አለው። አራት ሠራተኞችን ከነባልዲያቸው ሊሸከም የታሰረ ርብራብ የሚጫንበት 400 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በበዓል አርባ ሰው ቢወጣበት፣ አንዱን በ60 ኪሎ ብናሰላው እንኳ 2,400 ኪሎ፣ ማለት ስድስት እጥፍ ይሆናል። ያውም ሕዝብ እንደ ተከመረ ድንጋይ ጸጥ አይልም፤ ሥዕል ለማየት ወደ አንድ ጎን ይጠጋል፣ ይገፋፋል።

በራቤልና በአካባቢዋ ደጋ ሌላም ችግር ይጨመራል። ክረምት ሲገባ ሥራው ይቆማል፤ ርብራቡ ግን እንደቆመ ዝናቡን ይቀበላል። እርጥብ ሳለ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ማሰሪያው ይላላል። ቋሚው የተተከለበት አፈር ርሶ ይሰምጣል። ከዚያ መስከረም ይጠባና በዓላቱ ይከታተላሉ፤ ኮሚቴውም ርብራቡን በሰኔ እንዳየው አድርጎ ያስበዋል።

ስለዚህ ከክረምት በኋላ ማንም ሳይወጣበት ከእግሩ ጀምሮ ይመርመር። ቋሚዎቹ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በወፍራም ጣውላ ላይ ቆመዋልን? ከግድግዳው ጋር ታስረዋልን? በሰያፍ የሚያያይዟቸው እንጨቶች አሉን ወይስ ለማገዶ ተነቅለዋል? (ይህስ አይሆንም የሚል ሰው በውርጭ ወራት የጥበቃውን ምድጃ ይይ።) በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው መሰላሉ ወርዶ ዕቃ ቤት ይቆለፍበት፤ ቁልፉም ስሙ በቃለ ጉባኤ በሰፈረ አንድ ሰው እጅ ይሁን። «ሁላችንም እንጠብቃለን» በተባለበት ደብር ጠባቂ የለም። አጥሩም ቢያንስ የርብራቡን ቁመት ያህል ርቆ ይታጠር። የመሠረት ጉድጓድ ካለ ይከደን ወይም ይከለል፤ ለማሕሌት በጨለማ የሚመጡ አረጋውያን አሉና።

አንዳንዴ «ታቦቱ እያለ ምን ይደርስብናል?» የሚል መልስ እንሰማለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው፣ መላእክት እንደሚጠብቁት የተጻፈውን ጠቅሶ ነበር። ጌታችን ግን እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። ይህን በዐውደ ምሕረት ማስተማር የካህናት አባቶቻችን ድርሻ ነው። ኮሚቴው «አትውጡ» ሲል ምእመኑ በረከት የተከለከለ ይመስለዋል፤ ከካህኑ አንደበት ሲሰማው ግን ይቀበላል። ማስታወቂያው ከዋዜማው ጀምሮ ይነገር። ያላለቀው ሥዕል በመጋረጃ ይሸፈን፤ ሕንፃው ተመርምሮ እስኪባረክም ቅዳሴውና የበዓሉ ሥርዓት በመቃኞው ይፈጸም።