አንዲት ቁራጭ ካርቶን ስንት ታወጣለች?

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው አስቀድሞ ጥርሱን ያያል። ሻኛውን ይዳብሳል። አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ስለ ዋጋ የሚነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። በሬው ስንት ዓመት እንደሚያርስለት ስለሚያውቅ፣ ዋጋውን ከሥራው ጋር ያመዛዝናል። እህልም እንደዚሁ ነው፤ ይበላል። ጠገራ ብር እንኳ ቢቀልጥ ብሩ ይቀራል።

በዚህ ትምህርት የምናነበው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። አያርስም፤ አይበላም። ቢያቃጥሉት አመዱ እፍኝ አይሞላም። ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 7 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ቁራጭ ካርቶን ነው። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ቢረዝም ነው። ይህ ካርቶን በ2022 በአሜሪካን አገር በ7 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ተሸጠ። (በዚህ ትምህርት ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ገዢው አብዷል!» ነው። እኛም እንደዚያው ብለናል። ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው ግን ገዢው እንዳላበደ እንረዳለን። ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ ያስወጣው ምንድን ነው?

ካርዱ ከየት መጣ?

በ1900ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካን አገር የሲጃራና የትምባሆ ንግድ ከሞላ ጎደል በአንድ ትልቅ ድርጅት እጅ ነበር። ስሙ አሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ይባላል። ተወዳዳሪዎቹን እየዋጠ ገበያውን ለብቻው ስለያዘ፣ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1911 እንዲከፋፈል ፈርዶበታል።

ይህ ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ድረስ በየፓኮው ሲጃራ ውስጥ የሥዕል ካርድ ይከት ነበር። ካርዱ ሁለት ሥራ ነበረው። የፓኮው ወረቀት ስስ ስለሆነ ሲጃራው እንዳይታጠፍ ይደግፈዋል። ይህ ትንሹ ሥራ ነው። ዋናው ሥራው ሰውን ማጥመድ ነበር። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የአንድ ታዋቂ ተጫዋች ሥዕል አለ። የካርዱ ዓይነት ከ500 በላይ ነው። አንዱን ያገኘ ሌላውን ይመኛል። ሌላውን ለማግኘት ደግሞ ሌላ ፓኮ መግዛት አለበት። ልጆች ሳይቀሩ ሲጃራ ገዝቶ የሚወጣውን ሰው ካርዱን እንዲሰጣቸው ይለምኑት ነበር።

የጨዋታው ስም ቤዝቦል ይባላል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል፤ መትቶም ይሮጣል። ገና የተጫወተ ሰው ዱላና ኳስ ሲባል ሊገምተው ይችላል፤ ሕጉ ግን ለየቅል ነው። አሜሪካኖች ይህን ጨዋታ እጅግ ይወዱታል።

እምቢ ያለው ተጫዋች

ከእነዚህ ተጫዋቾች አንዱ ሆነስ ዋግነር ነው። በ1874 በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ሀገር፣ ፒትስበርግ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን አገር የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነው። ልጁም በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ ጋር ከሰል ቁፋሮ ገባ። በኋላ በቤዝቦል እንዲህ በረታ፤ ማኅበሩ በሚያደርገው ውድድር 8 ጊዜ በመምታት አንደኛ ወጣ። በ1936 የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ ሲከፈት፣ መጀመሪያ ከተመረጡት 5 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

የትምባሆው ኩባንያ የዋግነርን ካርድ ማተም እንደ ጀመረ ዋግነር ሥዕሌ በሲጃራ ውስጥ አይግባ አለ። ማተሙ ቆመ። የሌሎቹ ተጫዋቾች ካርድ እንደ ጉድ ሲታተም፣ የእሱ ገና በጅምሩ ቀረ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቁት የዋግነር ካርዶች ከ50 እስከ 60 ቢሆኑ ነው።

ለምን እምቢ አለ? ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው፣ ልጆች ሥዕሉን ብለው ሲጃራ እንዳይገዙ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ኩባንያው ገንዘብ ስላልከፈለው ነው ይላል። ሁለተኛውን የሚያምኑ ሰዎች «ዋግነር ራሱ ትምባሆ ይወድ የለም ወይ?» ብለው ይከራከራሉ። እውነት ነው፤ ይወድ ነበር። ነገር ግን አንድ የስፖርት ጋዜጣ በ1912 የጻፈው ነገር አለ። ኩባንያው የዋግነርን ፈቃድ እንዲያመጣ አንድ ጸሐፊ ልኮ ነበር። ፈቃዱን ቢያመጣ 10 ዶላር ይከፈለዋል። ዋግነር ለጸሐፊው እምቢታውን በደብዳቤ ጻፈለት። ከደብዳቤው ጋር 10 ዶላር የሚያወጣ ቼክ ከራሱ ኪስ አወጣና ላከለት። «በእኔ ምክንያት ገንዘብህ አይቅርብህ» ማለቱ ነው። ገንዘብ ፈልጎ የተቆጣ ሰው ለማያስገድደው ሰው 10 ዶላር ይልካል ብለን ለማመን እኛ ያስቸግረናል። አንባቢው ግን የራሱን ፍርድ ይስጥ።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ዋግነር ደመወዙ ከፍ ባለበት ጊዜ በዓመት 10 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር። ይህ በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። በ2022 የተሸጠውን ካርድ ዋጋ በዚህ ደመወዝ ብናካፍለው 725 ይደርሰናል። ዋግነር ያንን ገንዘብ ለማግኘት 725 ዓመት መጫወት ነበረበት ማለት ነው። የዛሬ ዶላርና የያኔው ዶላር እኩል እንደማይገዛ እናውቃለን። ቢሆንም ቁጥሩ የሚያሳየን ነገር አለ። እሱ ከካርዱ አንዲት ሳንቲም አላገኘም።

ብርቅነት

በጥጋብ ዓመት እህል ይረክሳል፤ በክፉ ዓመት ይወደዳል። ይህን የሚያስተምረን ሰው አያስፈልገንም። ካርድም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት አለው። እህል ቢወደድም ቢረክስም ሆድ ይሞላል። ካርድ ብርቅነቱን ካጣ ምንም አይቀረውም።

በ1952 ቶፕስ የሚባል የማስቲካ ኩባንያ እንደ ትምባሆው ነጋዴ ካርድ ከማስቲካ ጋር እያደረገ ለልጆች ይሸጥ ነበር። ዋጋው 1 ሳንቲምና 5 ሳንቲም ነው። በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ የታተሙት ካርዶች የጨዋታው ወራት ሊያልቅ ሲል ገበያ ስለወጡ ገዢ አጡ። ሳጥን በሳጥን ሆነው መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተቀመጡ። የኩባንያው ሠራተኛ ሳይ በርገር በኋላ እንደ ተናገረው፣ በ1960 ገደማ መጋዘኑን ለማስለቀቅ ካርዶቹን በቆሻሻ መኪና አስጭኖ፣ ከዚያ በጭነት ጀልባ አድርጎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ጣላቸው። ከተጣሉት መካከል ሚኪ ማንትል የሚባለው ተጫዋች ካርድ ይገኝበታል። ከባሕር የተረፈች አንዲት ንጹሕ የማንትል ካርድ በነሐሴ 2022 በ12 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር ተሸጠች። እስከዚያ ቀን ከተሸጡት የስፖርት ካርዶች ሁሉ ይህን ያህል ያወጣ አልነበረም።

አሁን የሚያሳዝነው ይመጣል። በ1980ዎቹ «አሮጌ ካርድ ወርቅ ሆነ» የሚል ወሬ በአሜሪካን አገር ተነዛ። ብዙ ሰው፣ ደመወዝተኛው ሳይቀር፣ «ለልጆቼ ትምህርት ይሆናል» እያለ ካርድ በካርቶን ገዝቶ ቤቱ አከማቸ። ኩባንያዎቹም ፈላጊ በዛ ብለው ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ነገር ደግሞ ብርቅ ሊሆን አይችልም። የ1952ቱ የተወደደው ሕዝቡ እንደ ተራ ነገር ስለጣለው ነው። የኋለኛውን ማንም አልጣለውም። ከ30 ዓመት በላይ በጥንቃቄ የተቀመጠው የዚያ ጊዜ ካርድ አብዛኛው ዛሬ የተገዛበትን ዋጋ አያወጣም። ኩባንያዎቹ ግን ገንዘባቸውን ያኔውኑ ተቀብለዋል።

የካርድ ጥርስ

በሬ በጥርሱ እንደሚታይ ካርድ በጠርዙና በማዕዘኑ ይታያል። አራቱ ማዕዘኖች ሹል ናቸው ወይስ ተልገዋል? ታጥፎ ያውቃል? ቀለሙ ደብዝዟል? ይህን የሚመረምሩ ድርጅቶች አሉ። መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡና ካርዱን በፕላስቲክ አሽገው ይመልሱታል። በ7 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር የተሸጠው የዋግነር ካርድ ነጥቡ 2 ብቻ ነበር፤ ያረጀና የተጎዳ ነው። በጣም ብርቅ ስለሆነ ሰው ጉዳቱን ንቆታል።

ማንበብ የቻለ ሰው ሌላም የሚያየው ነገር አለ። በዋግነር ደረት ላይ የከተማው ስም ተጽፏል። ፒትስበርግ በዚያ ጊዜ ከዛሬው አጻጻፍ አንድ ፊደል ጎድሎት ይጻፍ ነበር። አስመስሎ የሚሠራ አጭበርባሪ የዛሬውን አጻጻፍ ቢከተል በአንዲት ፊደል ይያዛል።

ከዋግነር ካርዶች ሁሉ የታወቀችው ግን ሌላ ናት። ጠርዟ እንደ ምላጭ የተሳለ፣ ማዕዘኗ ያልተነካ ናት። በ1985 አንድ ነጋዴ በ25 ሺህ ዶላር ገዛት። በ1987 በ110 ሺህ ተሸጠች። በ1991 ዌይን ግሬትስኪ የተባለ ዝነኛ የበረዶ ላይ ጨዋታ ተጫዋች ከሸሪኩ ጋር ሆኖ በሐራጅ በ451 ሺህ ዶላር ወሰዳት። በዚያው ጊዜ ገደማ መርማሪዎቹ 8 ነጥብ ሰጧት። ለዚያ ዕድሜዋ የሚያስገርም ነጥብ ነው።

ቀጥሎ አንድ ትልቅ የሱቅ ድርጅት ገዝቶ የዕጣ ሽልማት አደረጋት። ዕጣው በ1996 ለአንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ወጣ። ሴትዮዋ ደስታዋን ሳትጨርስ የግብሩ ነገር መጣ። በሽልማቱ ላይ የሚከፈለውን ግብር የምትከፍልበት ገንዘብ አልነበራትም። ስለዚህ ካርዷን ወዲያው ለሐራጅ አቀረበች፤ 641 ሺህ 500 ዶላር አወጣች። በ2007 ያቺው ካርድ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ደረሰች።

በመጨረሻ ነገሩ ፈነዳ። በ1985 የገዛት ነጋዴ በኋላ የታወቀ የሐራጅ ቤት ባለቤት ሆኖ ነበር። በሐራጁ ላይ ባደረገው ማጭበርበር ተከሶ በ2013 ጥፋቱን አመነ። ዘዴው በከብት ገበያ የምናውቀው ነው፤ የራሱን ሰው ገዢ አስመስሎ አቁሞ ዋጋ ያስጨምር ነበር። በዚያው ጊዜ ሌላም ነገር አመነ። የዋግነሯን ካርድ ጠርዝ ራሱ ከርክሟታል! እንደ ምላጭ የተሳለው ጠርዝ የ1909 ማተሚያ ሥራ አልነበረም። ሰውየው በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ካርዷን መርማሪ አይቷታል። ታሽጋለች። ቁጥርም ተጽፎባታል። ገዢዎቹ የተማሩና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም ያነበቡት ቁጥሩን ነው። ፊደል ሳንቆጥር በፊት እኛም ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያሳዩን ዝም ብለን አውራ ጣታችንን እናስቀምጥ ነበር። ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ የተጻፈውን ካነበበ በኋላ «ማን ጻፈው? ምን አይቶ ጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ይቀረዋል።

ያልሸጠው ሰው

ስለ ካርድ ስንናገር ጄፈርሰን በርዲክን ሳናነሳ ብናልፍ ደግ አይሆንም። በርዲክ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በሲራኪዩዝ ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የመገጣጠሚያ በሽታ እጆቹን ቆልምሟቸው ነበር። በነዚያ እጆች ከ300 ሺህ የሚበልጡ ልዩ ልዩ ካርዶችና የታተሙ ሥዕሎችን ሰበሰበ። የቤዝቦሉ ብቻ 30 ሺህ ያህል ነው። ሌላው ሰው እንደ ቆሻሻ ሲያየው፣ እሱ ለእያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር እየሰጠ በመጽሐፍ መዘገበው። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙት በእሱ አቆጣጠር ነው።

ይህን ሁሉ አልሸጠውም። ኒውዮርክ ከተማ ላለው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም በነጻ ሰጠ። ከመካከሉ የዋግነር ካርድ አለበት። ለብዙ ዓመታት በሙዚየሙ ውስጥ ተቀምጦ ካርዶቹን በአልበም ላይ አንድ በአንድ በሙጫ ለጠፈ። ይህን የሚሰማ የካርድ ነጋዴ ራሱን ይይዛል፤ የተለጠፈ ካርድ ዋጋው ይወርዳልና። በርዲክ ሥራውን በ1963 ፈጸመ። በሁለት ወሩ ሞተ።

ለመወያያ

ሀ. የታወቀችው የዋግነር ካርድ በ1985 በ25,000 ዶላር፣ በ2007 በ2,800,000 ዶላር ተሸጣለች። ዋጋዋ ስንት እጥፍ ሆነ? በደብተራችሁ አካፍሉ። መልሱ 112 ከሆነ ትክክል ነው።

ለ. ካርዷ መከርከሟ ከታወቀ በኋላ ለሽያጭ ብትቀርብ፣ የሚገዛት ሰው ይኖራል ትላላችሁ?

ሐ. ዋግነር እምቢ ባይል ኖሮ ካርዱ ዛሬ ስንት ያወጣ ነበር?