ከወርድ ሰነድ ውስጥ ፎቶግራፍን እንዳለ ማውጣት

በላስ ቬጋስና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥር በመብዛቱ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩ በኮምፒውተር ይጻፋል፤ ፎቶግራፉ ከራስጌው ይገባል፤ በቀብሩ ዕለት ይነበብና ለዘመድ ሁሉ በኢሜይል ይላካል። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት መታሰቢያ ፎቶግራፉን በትልቁ ማሳተም ሲፈለግ፣ ዋናው ምስል የነበረበት ስልክ ጠፍቶ የወርድ ሰነዱ ብቻ ቀርቶ ይገኛል።

ብዙዎች ያን ጊዜ ሰነዱን ከፍተው የኮምፒውተሩን ገጽታ ፎቶ ያነሣሉ። ይህ ግን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ያህል ብቻ ስለሚይዝ ምስሉ ሲተልቅ ይደበዝዛል።

ከወርድ 2007 ጀምሮ የሚዘጋጁ፣ ስማቸው በ«ዶክኤክስ» የሚያልቅ ሰነዶች በእርግጥ አንድ ፋይል አይደሉም፤ በዚፕ የታሸጉ የብዙ ፋይሎች ጥቅል ናቸው። ጽሑፉ ለብቻው፣ ምስሎቹም ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የሰነዱን ቅጂ ማዘጋጀት፣ ከዚያም በቅጂው ስም መጨረሻ ያለውን «ዶክኤክስ» በ«ዚፕ» መለወጥ ይበቃል። ዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ መቀበል ነው። የስሙ ቅጥያ የማይታይ ከሆነ የፋይል ማሳያው «ቪው» ከሚለው ምርጫ እንዲታይ ይደረጋል። ጥቅሉ ሲፈታ «ወርድ» የሚባል ፎልደር፣ በውስጡም «ሚዲያ» የሚባል ሌላ ፎልደር ይገኛል። ምስሎቹ እዚያ በተራ ቁጥር ተሰይመው ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። ለሕይወት ታሪክ የሚመረጠው ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሠርግ ወይም ከበዓል የቡድን ምስል ተቆርጦ የሚወሰድ ነው። በወርድ ውስጥ ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶግራፍ ግን የተቆረጠው ክፍል በትእዛዝ ካልተሰረዘ ወይም ምስሉ ከነቁራጩ ካልተጨመቀ በስተቀር ሙሉው በሰነዱ ውስጥ ይኖራል። ጥቅሉ ሲፈታ ከሟቹ አጠገብ የቆሙት እናትና እኅት ሊገኙ ይችላሉ። ይህ ለቤተሰብ በረከት ነው፤ ሰነዱን ለማያውቁት ሰው ለሚልክ ግን ሥጋት ነው፤ መታየት ያልፈለገ ሰው ምስልም አብሮ ይሄዳልና።

የዘዴው ወሰን መጨመቅ ነው። ወርድ ሰነዱን ሲያስቀምጥ ምስሎችን ሊያሳንስ ይችላል፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይም ልኩ በኢንች 220 ፒክስል ነው። በገጹ ላይ ሁለት ኢንች ስፋት የነበረው ፎቶግራፍ እንግዲህ 440 ፒክስል ያህል ብቻ ይቀረዋል። ይህ ለፖስት ካርድ ቢበቃ እንጂ ለግድግዳ ምስል አይሆንም። አዲስ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሰነዱን ከማስቀመጡ በፊት፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «አድቫንስድ» ከሚለው ክፍል ምስሎች እንዳይጨመቁ የሚያዘውን ምርጫ ምልክት ቢያደርግበት ዋናው ምስል ሳይነካ ይቀመጣል።

በ«ዶክ» ብቻ የሚያልቅ የቀድሞ ሰነድ ዚፕ አይደለም። በአዲስ ወርድ ተከፍቶ በ«ዶክኤክስ» ስም እንደገና ሲቀመጥ ግን ከላይ የተገለጸው መንገድ ይሠራለታል።