ፋኖስ የያዘችው ነርስ ምን ታስተምረናለች?

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስትነሳ ሁላችንም የምናስበው ሌሊት ፋኖስ ይዛ ቁስለኞችን ስትጎበኝ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ታሪኳ ግን በዚህ አያበቃም።

እንግሊዝ በክሪሚያ ጦርነት ከሩሲያ ጋር ስትዋጋ፣ ፍሎረንስ 38 ነርሶች አስከትላ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1854 ዛሬ በኢስታንቡል ከተማ ውስጥ ወደሚገኘው የስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ደረሰች። ልብስ አሳጠበች፤ ምግብ አሰናዳች፤ እንቅልፍ አጣች። ሆኖም በዚያ የብርድ ወራት ወታደሮቹ እንደ ቅጠል ረገፉ። አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት ሳይሆን ኮሌራ፣ ተስቦና ተቅማጥ ነበር። ከሕንፃው ሥር ያለው የቆሻሻ ቦይ ተደፍኖ ነበርና። በማርች 1855 ከመንግሥት የተላኩ የጤና መርማሪዎች መጥተው ቦዩን ካስጠረጉ በኋላ ሞት እጅግ ቀነሰ።

ፍሎረንስ ይህን በሚገባ የተረዳችው ከጦርነቱ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር ስትመረምር ነው። የሚቻለኝን አድርጌአለሁ ብላ ግን አላረፈችም። ራሷ ታማ ሳለች ስለ ወታደሮች ጤና ለመንግሥት ጻፈች፤ በ1860ም በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመች።

እኛስ? የታመመ ጠይቀን፣ አጽናንተን መመለሳችን መልካም ነው። የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ መሆኑን፣ ደጁ መጠረጉን ካላየን ግን ሥራችን ግማሽ ነው። ፋኖሱን ስናነሳ መጥረጊያውን አንርሳ።