የኤስኤምቢ 1 መወገድና የነባር መሣሪያዎች ዕጣ

ኤስኤምቢ 1 በአካባቢ ኔትወርክ ፋይልና ፕሪንተር ለመጋራት በ1980ዎቹ የተነደፈ፣ ምስጠራ የሌለው ፕሮቶኮል ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ አተገባበሩ ላይ የተገኘውን ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ቢያወጣም፣ ማሻሻያውን ያልጫኑ በርካታ ኮምፒውተሮች በሜይ ወር በዋናክራይ ጥቃት ተጎድተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1709 የፕሮቶኮሉን የአገልጋይ ክፍል በነባሪነት መጫን አቁሟል፤ ሳምባም በ2019 በእትም 4.11 ፕሮቶኮሉን በነባሪነት ዘግቷል።

ሆኖም ከኤስኤምቢ 1 ሌላ የማያውቁ ስካነሮችና የፋይል ማከማቻዎች ዛሬም አሉ። ለአንድ ስካነር ሲባል ፕሮቶኮሉን በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ መክፈት መላውን ኔትወርክ ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ምትክ እስኪገኝ ድረስ መሣሪያውን በተለየ የኔትወርክ ክፍል ማግለልና ፋይሎቹን አንድ አማካይ ኮምፒውተር ብቻ ተቀብሎ በኤስኤምቢ 3 እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይመረጣል።