ልጁ እያሾፈ አይደለም፦ ቱሬት ሲንድሮም ያለባቸውን ልጆች መረዳትና ማገዝ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ክረምት ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደየቤታችን ተመልሰን በሰፈራችን መድረሳ ሕፃናትን ቁርአን እናቀራለን። ከፊሎቻችን ደግሞ ነገ መምህር፣ ሐኪም፣ ወላጅ እንሆናለን ኢንሻአላህ። ፊታችን ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ዐይኑን ያለማቋረጥ የሚያርገበግብ፣ አንገቱን በድንገት የሚነቀንቅ ወይም ሰላት ላይ ሳለ ድምፅ የሚያሰማ ሊሆን ይችላል። "እያሾፈ ነው" ብለን ልንመታው፣ ወይም "ጂን ይዞታል" ብለን ከጓደኞቹ ልንለየው እንችላለን። በሁለቱም መንገድ ባላጠፋው ጥፋት እንበድለዋለን። ስለዚህ በዚህ እትም ደርሳችን ቱሬት ሲንድሮም ስለሚባለው የጤና ችግር እንማማራለን።

ቱሬት ሲንድሮም ምንድን ነው?

ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ዘጠኝ ታካሚዎች ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ከዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት ነው። ዋናው ምልክት "ቲክ" ይባላል። ቲክ ድንገተኛ፣ ፈጣንና ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ከእንቅስቃሴዎቹ መካከል ዐይን ማርገብገብ፣ ፊት ማኮማተር፣ ትከሻ መስበቅና አንገት መነቅነቅ ይገኛሉ። ከድምፆቹ መካከል ደግሞ ጉሮሮ መጥረግ፣ በአፍንጫ መሳብ፣ አጭር ጩኸትና ቃል መደጋገም አሉ።

ሐኪሞች "ቱሬት ነው" የሚሉት ቢያንስ ሁለት የእንቅስቃሴና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ከ18 ዓመት በፊት ጀምረው ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆዩ ነው። በሽታውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚወስነው ልጁን አይቶና ታሪኩን ሰምቶ ነው። ለዚህም ነው ወላጅና መምህር ያስተዋሉት ነገር ትልቅ ዋጋ ያለው።

ቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ላይ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። በትምህርት ዕድሜ ካሉ 1000 ልጆች ከ3 እስከ 9 የሚሆኑት ይኖርባቸዋል ተብሎ ይገመታል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። መነሻው እንቅስቃሴን በሚቆጣጠሩት የአንጎል ክፍሎች አሠራር ላይ ያለ ልዩነት ሲሆን፣ በዘር የመተላለፍ ድርሻውም ከፍተኛ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ የወላጅ አስተዳደግ ጉድለትም አያመጣውም።

"ዝም ማለት ከቻለ፣ ለምን ሁልጊዜ ዝም አይልም?"

ብዙ ልጆች በደል የሚደርስባቸው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ከቲክ በፊት ልጁ እንደ ማሳከክ ወይም ማስነጠስ ሊመጣ ሲል እንደሚሰማን ያለ ግፊት ይሰማዋል። ለጥቂት ጊዜ ሊያፍነው ይችላል። ነገር ግን ሙሉ ሐሳቡ በማፈኑ ላይ ስለሚያዝ ትምህርቱ ያመልጠዋል፤ ቆይቶም ግፊቱ እያየለ ያሸንፈዋል። ጭንቀት፣ ድካምና ከፍተኛ ደስታ ቲክን ያባብሳሉ። በአንጻሩ ልጁ በሚወደው ነገር ሲመሰጥ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ኳስ ሲጫወት ደህና ሆኖ ቁርአን ሲቀራ ቢብስበት፣ ፈተናው ስላስጨነቀው እንጂ ቁርአንን ስለጠላ አይደለም። በዓይናችን እያፈጠጥን "አቁም!" ማለታችን ራሱ ቲኩን ይጨምረዋል።

ሳይፈልግ ጸያፍ ቃል ከአፉ የሚወጣበት ሰው አለ፤ ይህ ግን የሚታየው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። ከቲኩ ይልቅ ልጁን የሚያስቸግሩት ብዙ ጊዜ አብረውት የሚመጡት ናቸው። እነሱም ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ እንዲሁም ከአእምሮ የማይወጣ ሐሳብና ድግግሞሽ ናቸው። ውዱኡን ደጋግሞ የሚያድስ፣ "አልሆነልኝም" እያለ ተክቢራውን የሚመላልስ ልጅ ካየን፣ "ወስዋስ ነህ" ብለን ከመሳቅ በፊት እርዳታ እንደሚፈልግ እናስብ።

በዲናችን መነጽር

ጂን መኖሩን እናምናለን፤ የዐቂዳችን አካል ነው። ነገር ግን ያለ ዕውቀት አንድን ልጅ "የተያዘ" ብሎ መፈረጅ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁርአን መቅራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ ልጅን ማሰር፣ መግረፍና ማስራብ ግን ሩቃ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘዋል፤ ዱዓና ሕክምና አይጋጩም።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያችን ጥቁር ሴት ታሪክ እናስታውስ። እየጣላት ሰውነቷ እንደሚገለጥ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግራ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እሳቸውም ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገች ደግሞ ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። ትዕግሥትን መረጠች፤ ሰውነቷ እንዳይገለጥ ግን ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች፤ አደረጉላትም። ሕመሟ ሌላ ቢሆንም ትምህርቱ ይደርሰናል፦ አልወቀሷትም፣ ከሰው አልለይዋትም፤ ያሳፈራትን ነገር ሰምተው ክብሯን ጠበቁላት። በሱረቱል ሑጁራትም መሳለቅና በመጥፎ ቅጽል መጠራራት ተከልክሏል። "ዐይነ ርግብግብ"፣ "እብዱ" የሚሉ ስሞች በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሰላትስ? ዑለማዎቻችን አንድን ሰው ሳይፈልግ የሚያሸንፈውን ሳልና ማስነጠስ አስመልክተው ዑዝር ስለመሆኑ ተናግረዋል። ሸሪዓችንም ባሪያን በማይችለው አይጠይቀውም። የእያንዳንዱን ልጅ ሁኔታ ዝርዝር ለዐሊም አቅርበን እንጠይቅ፤ እስከዚያው ግን ልጁን ከመስጂድ አናባርር።

ቱሬት ያለበት ሰው ትልቅ ደረጃ መድረስ እንደሚችል ለማየት ማሕሙድ ዐብዱረዑፍን እንመልከት። ይህ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከልጅነቱ ጀምሮ ከቱሬት ጋር ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰለመ። በ1993–94 የውድድር ዘመንም ከ229 ነጻ ውርወራዎች 219ኙን አስቆጥሮ ኤንቢኤን በዚህ ዘርፍ መርቷል።

ምን እናድርግ?

1. ቲኩን አይተን እንዳላየን እንለፍ። አንቆጣ፣ አናስመስል፣ "አቁም" አንበል።

2. ከወላጆቹ ጋር በግል እንነጋገር። ያየነውን ነገር፣ መቼ እንደሚብስና መቼ እንደሚቀንስ እንንገራቸው። ስሙን አውጥተን ሰፈር ለሰፈር አናውራ።

3. የማረፊያ ዕድል እንስጠው። ሲያስቸግረው ሳያስፈቅድ ወጥቶ መመለስ ይቻለው። ሒፍዙን በሁሉም ፊት ሳይሆን ለብቻው ያሰማን፤ ጊዜም እንጨምርለት።

4. ሶፍ ላይ ምርጫው የእሱ ይሁን። ዳር መቆም ቢቀልለው ይቁም፤ እኛ ግን ወደ ኋላ አንግፋው።

5. ልጁና ወላጆቹ ከፈቀዱ ለጓደኞቹ በቀላል ቋንቋ እናስረዳ፦ "እንደ ማስነጠስ ነው፤ አይጋባም፤ ፈልጎ አይደለም።"

6. ወደ ሕክምና እንምራ። በአዲስ አበባ አማኑኤልና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች አሉ፤ በክልልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለው ሆስፒታል መጀመር ይቻላል። ቲኩ ቀላል ከሆነ መድኃኒት ላያስፈልግ ይችላል። ልጁ ግፊቱን ቀድሞ አውቆ ቲኩን የሚከለክል ሌላ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ የሚያለማምድ የባህሪ ሥልጠናም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ በ126 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሥልጠናውን ካገኙት ከግማሽ በላይ ሲሻላቸው፣ ምክርና ድጋፍ ብቻ ካገኙት የተሻላቸው ከአምስት አንድ አይሞሉም ነበር። መድኃኒት ካስፈለገ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሁን።

ውድ እህትና ወንድሞች፣ ቲኩ ዕድሜው ሲጨምር ሊቀንስለት ይችላል። በመድረሳ የደረሰበት ዱላና ስድብ ግን አብሮት ያድጋል፤ አንዳንዱን ከመስጂድ ደጃፍ እስከ ወዲያኛው ያርቀዋል። የምናቀራው ሱራ በልቡ እንዲቀመጥ ከፈለግን፣ መጀመሪያ አጠገባችን ያለ ፍርሃት እንዲቀመጥ እናድርገው።

አላህ ለታመሙ ልጆቻችን ዓፊያን፣ ለወላጆቻቸው ሰብርን ይስጥ፤ እኛንም ለደካሞች የምናዝን ያድርገን። አሚን።